የቧንቧው አንገት

መካነ ሰላም ውስጥ ይሄነውን የማያውቅ ካለ ትናንት የመጣ እንግዳ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የከተማዋን ቧንቧ ሲዘረጋ፣ ሲገጥምና ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። ሰዉ የሚያነሣው ግን በሙያው ብቻ አይደለም፤ በመጸየፉም ነው። ሰርግ ቤት ከሰው ጋር አንድ ማዕድ ሲቀርብ፣ ከመቁረሱ በፊት የፊት ለፊቱን ሰው ጥፍር ያያል። ለቅሶ ቤት ንፍሮ ሲያዞሩ ሆዴን አሞኛል ይላል። ጠላ ሲሰጡት ጣሳውን ወደ ብርሃን አዙሮ ያገላብጥና ሳይቀምሰው መልሶ ያስቀምጠዋል። ጎረቤቶቹም ለምደውት፣ "ይሄነው ስለሚመጣ ብርጭቆውን በሳሙና፣ ሳሙናውን ደግሞ በሳሙና እጠቡት" እያሉ ያፌዙበታል።

አንድ የማይጸየፈው ነገር ቢኖር የቧንቧውን ውሃ ነው። "የኔ ውሃ" ነው የሚለው። ከተራራው ተይዞ፣ በማጠራቀሚያው አልፎ፣ በብረት ውስጥ ተዘግቶ፣ የሰው እጅ ሳይነካው ሰው ቤት የሚደርስ ውሃ ከዚህ ሌላ የለም ባይ ነው። እሱ ከሚኖርበት ከታችኛው ሰፈር ግርጌ ያለችውን ምንጭ ግን ስሟ ሲነሣ እንኳ ፊቱ ይጨማደዳል፤ አህያና ሰው እኩል የሚጠጡባት እያለ ይረግማታል። ሆዱን ቁርጠት ሲይዘው ደግሞ፣ ካለፉት ሁለት ዓመታት ወዲህ ደጋግሞ ይይዘዋል፣ ጥፋቱን የሚጥለው ባለፈው እሑድ ተጠርቶ በበላበት ቤት ላይ ነው። የሻለም፣ ሚስቱ፣ "የሰው ቤት ምን አደረገህ?" ስትለው እጃቸውን ስላላየሽ ነው ይላታል።

የበኩር ልጃቸው መቅደላዊት ትዳሯ አቀስታ ነው። የመጀመሪያ ልጇን ለመውለድ እንደ አገሩ ወግ ወደ እናቷ ቤት መጣች፤ በጥር መጨረሻም ወንድ ልጅ በሰላም ተገላገለች። ክርስትናው በአርባኛው ቀን ሊሆን ባሏ ዓባይነህ ከወዲያ በግ ሊነዳ፣ ከወዲህ ድግስ ሊደገስ ተስማሙ። እስከዚያው ይሄነው በቤቱ አዋጅ አወጀ፤ ለአራሷ ከቧንቧ በቀር ሌላ ውሃ ደጁን አይረግጥም። የሻለም በቀን ሦስት ጊዜ የገብስ በሶ በማር ትበጠብጥላት ነበር። በሶ ደግሞ በጥሬው ውሃ የሚበጠበጥ ነው፤ እሳት የሚባል አያየውም።

በአሥራ ስምንተኛው ቀን መቅደላዊት ታመመች። ሲጀምራት ቁርጠት ነበር፤ ከዚያ ተቅማጥ፣ ከዚያ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ሆነ። በሦስት ቀን ውስጥ ያ ጥጋብ የሞላው የአራስ ፊት ከሰመ፤ ጡቷም ነጠፈ። ሕፃኑ ደረቁን ጡት እየሳበ ሲያለቅስ ይሄነው ደጅ ወጥቶ ጆሮውን ይይዛል። ጤና ጣቢያ ሲወስዷት ነርሱ መድኃኒቱን ከመስጠቱ በፊት የምትጠጣው የትኛውን ውሃ እንደሆነ ጠየቀ። ይሄነው እናቱን የሰደቡበት ያህል ተቆጣ። ነርሱ ግን ረጋ ብሎ፣ በዚህ ሳምንት ከታችኛው ሰፈር አሥራ አንድ ሰው እንዲሁ ሆኖ መምጣቱንና ሁሉም የቧንቧ ጠጪ መሆናቸውን ነገረው። ከምንጭ ከሚቀዱት አንድም ሰው አልመጣም። ይቺ የመጨረሻዋ ነገር ይሄነውን ቤቱ እስኪደርስ እንደ ትኋን ስትበላው ሄደች።

ጠርጥር ከገንፎ ውስጥ አለ ስንጥር ይባላል። ይሄነውም የሚጠረጥረው ቦታ ነበረው፤ ለማንም ያልነገረው ቦታ።

ታችኛውን ሰፈር ከላይኛው የሚለየው አንድ ቦይ ነው። ለክረምት ጎርፍ ተብሎ የተቆፈረ ነው እንጂ በበጋ ጎርፍ የለውም፤ በበጋ የሚወርድበት ከአልታዬ አረቄ ቤት ሽንት ቤት ሞልቶ የሚፈሰው ነው። የሰከረ ሁሉ የሚሸናበት፣ የታረደ በግ አንጀት የሚጣልበት፣ ዝንቡ ሰው ሲቀርብ እንኳ የማይነሣለት ቦይ ነው። ዋናው ቧንቧ ወደ ታችኛው ሰፈር የሚሻገረው በዚያ ላይ ነው። ይሄነው "አንገት" የሚላት ነገር ያለችውም እዚያው፣ ጭቃው ውስጥ ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት መስመሩ ቦዩ ዳር ደርሶ ቆሞ ነበር። እዚያው አፋፍ ላይ ቦኖ ተተክሎ ሊመረቅ፣ እንግዶች ሊመጡ ሆነ። በዋዜማው ሲሞከር ውሃው ከባለ ሦስት ኢንቹ ሰፊ ቧንቧ ዝርግፍ ብሎ፣ ተልፈስፍሶ እግር ሥር ወደቀ። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ አቶ ቢያድግልኝ አይቶ ፊቱን አጠቆረ፤ ለእንግዳ የሚታይ ግፊት ካላገኘህልኝ ወዮልህ አለው። ይሄነው አላቅማማም። ክንድ የምታህል ባለ አንድ ኢንች ቁራጭ ፈልጎ ከሰፊው ጫፍ ላይ ቀጠለ። የሚገጥም መገጣጠሚያ ስላልነበረው አገሩ ሁሉ እንደሚያደርገው የመኪና ጎማ ከመነዳሪ ቀዶ ጠመጠመና በሽቦ አጥብቆ አሰረው። በማግስቱ ውሃው ከዚያች ጠባብ አፍ ተወርውሮ የአንዱን እንግዳ ክራቫት አራሰ። ሕዝቡ እልል አለ፣ ቢያድግልኝ "ግፊቱን አያችሁ?" አለ፣ ይሄነውም የምስጋና ወረቀት ተቀበለ።

ከወር በኋላ ቦኖው ወደ ታች ተዛወረና መስመሩ ቦዩን ተሻግሮ እንዲቀጥል ታዘዘ። ያን ጊዜ አንገቷን ነቅሎ በቦታዋ ሰፊውን ቧንቧ ማግባት ነበረበት። አፋፉ ግን ተንዶ አንገቷ ጭቃው ውስጥ ተዘፍቃ ስለነበር፣ ለዚያ ቦዩ ውስጥ ወርዶ መንበርከክ፣ እጁን እስከ ክርኑ ማስገባት ያሻዋል። ይሄነው አፍንጫውን ይዞ ከላይ አየው። ከጭቃው ብቅ ባለው የአንገቷ ጫፍ ላይ፣ ከወዲያኛው አፋፍ ጎንበስ ብሎ፣ የቀረውን ቧንቧ ቀጠለባትና አፈር መልሶ ሄደ።

አሁን ከጤና ጣቢያ ተመልሶ ቦዩ አፋፍ ላይ ቆመ። ቀኑ የፈረቃ ቀን አልነበረም፤ ለታችኛው ሰፈር ውሃ የሚለቀቀው በስምንት ቀን አንዴ ነው፣ በሌላው ቀን ቧንቧው ሞልቶ ዝም ብሎ ይቆማል። አጎንብሶ ሲያይ፣ የክረምት ጎርፍ አፈሩን ከጠረገለት ከከመነዳሪው ጥምጥም ሥር ንጹሕ ውሃ ጠብ፣ ጠብ ይላል። ደስ አለው። ይኸው፣ ይወጣል እንጂ አይገባም አለ ለራሱ። ደግሞም ውሃ በሚለቀቅበት ቀን ያቺ ጠብታ ቀጥ እንደምትል ያውቃል፤ ጎማው በውሃው ብርታት አብጦ ቀዳዳውን ስለሚደፍን ነው ብሎ ነበር ያሰበው። እንዲህ አድርጎ ልቡን አሳርፎ ወደ ቤቱ ሄደ።

ማታ ሁዳ አራሷን ልትጠይቅ መጣች። ሁዳ ጎረቤት ናት፤ በከተማው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ታስተምራለች። መቅደላዊትን እጇን ይዛ "አብሽሪ እቴ፣ አላህ ያሽርሽ" አለቻትና ይሄነው አጠገብ ተቀመጠች። እሱም ነርሱን እያማ፣ ምንጩን እየረገመ፣ ያያትን ጠብታ ነገራት፤ አንገቷን ማን እንደገጠማት ግን ዘለለው። ሁዳ ሰማችና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው። ውሃው ሲለቀቅ ጠብታዋ ትቆማለች? ትቆማለች አላት፣ እንዲያውም ኮራ ብሎ።

ከዚያ በቀስታ፣ ውሃው ሲለቀቅ ቦዩን እየጠጣችሁ ይመስለኛል አለችው። ይሄነው ሳቀባት። የጎማ አፍ በጣት ቢይዙት ውሃው እንደሚበረታ ሕፃን እንኳ ያውቃል፤ በጠባብ ያለፈ ውሃ ጉልበተኛ ነው፣ ጉልበተኛ ደግሞ ሌላውን ይገፋል እንጂ በሌላ አይገፋም አላት።

"የሚበረታው ወደፊት ነዋ፣ ጋሽ ይሄነው። ወደ ጎን እኮ አይደለም" አለች ሁዳ። "ገበያ ውስጥ የቆመ ሰው አጥር ይደገፋል አይደል? የሚሮጥ ሰው ግን አጥር አይደገፍም። ውሃም እንደዚያው ነው። ሲቆም ቧንቧውን ይደገፈዋል፣ ያኔ በቀዳዳው ይወጣል። በሰፊው ያዘገመው ውሃ በጠባቡ ሲያልፍ ግን መሮጥ አለበት፤ ሲሮጥ ግድግዳውን ይተወዋል። ከአንገቷ ወዲያ ደግሞ ቁልቁለት ነው፣ የታችኛው ውሃ ይጎትተዋል። ግድግዳው የሚደገፈው ሲያጣ ከውጭ ያለው ይገባል። ጠብታዋ የምትቆመው ቀዳዳው ተደፍኖ አይደለም፣ ወላሂ፤ ወደ ውስጥ ዞራ ነው።"

ይሄነው የምትለው ነገር ሁሉ የመጽሐፍ ወሬ ነው ብሎ ሊሸኛት ከጀለ። ሁዳ ስትነሣ ግን፣ ካላመኑኝ ነገ ፈረቃ ነው፣ እርድ ይዘው ይሂዱና ጭቃው ላይ ነስንሰው ቢጫው ወዴት እንደሚሄድ ይዩት ብላው ወጣች።

በማግስቱ ጠዋት ቫልቩ ከመከፈቱ በፊት ይሄነው የሻለምን የእርድ ጣሳ ይዞ ቦዩ ዘንድ ደረሰ። አፍንጫውን በሻርፕ አስሮ፣ እጁን በፌስታል ጠቅልሎ፣ ቦቲ ተጫምቶ ነበር። ሁለት ዓመት ሲሸሸው የኖረው ጭቃ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ዋጠው። ተንበረከከ። ለስላሳ ነገር በጉልበቱ ሥር ፈረጠ፤ ምን እንደሆነ ላለማየት ሰማዩን አየ። እርዱን በአንገቷ ዙሪያ ባለው እዳሪ ላይ ነስንሶ በዱላ አቦካውና ጠበቀ።

ላይ ቫልቩ ሲከፈት ቧንቧው እንደ ማጉረምረም አለ። ጠብታዋ ጠብ፣ ጠብ አለችና ቀጥ አለች። ለትንሽ ጊዜ ምንም አልሆነም። ከዚያ በከመነዳሪው ስፌት ዙሪያ ያለው ቢጫ ጭቃ ተንቀሳቀሰ፣ ተሰበሰበ፣ ወደ ጎማው ተጠጋ። ድምፅ ሰማ። ሰው ትኩስ አጥሚት ሲጠጣ እንደሚያሰማው ያለ ድምፅ ነው፤ ፉት። ደግማ ፉት አለች። አንድ የዝንብ ሬሳ ከቢጫው ጋር ተንሳፍፎ መጣና በስፌቱ ገባ።

ይሄነው ከቦዩ እንዴት እንደወጣ አያውቀውም። በቦቲው ጭቃውን እየረጨ፣ ሰው ሁሉ ዞሮ እያየው ሮጠ። ቤቱ ሲደርስ የሻለም ቀድማ ቀድታ፣ በሶውን በጥብጣ፣ ብርጭቆውን ለመቅደላዊት አስይዛት ነበር። በባልዲው የቀረውን ውሃ አየው። በጣም ካላስተዋሉት የማይታይ፣ ገርጣ ያለ ቢጫ ነው። መቅደላዊት ብርጭቆውን ወደ አፏ ስታነሣ በዚያ በቆሸሸ እጁ መታው። ብርጭቆው ግድግዳ ላይ ተሰበረ፣ ሕፃኑ ደንግጦ አለቀሰ፣ የሻለም አበደ ብላ ጮኸች።

ከዚያ ሁለት ዓመት ሙሉ የጠጣው በአንድ ጊዜ ጉሮሮው ላይ መጣበት። የጠዋት ውሃው፣ የማታ ውሃው፣ አፉን የተጉመጠመጠበት፣ የሰው ብርጭቆ ተጸይፎ ደጋግሞ ያለቀለቀበት። የአልታዬ ሰካራም ሁሉ ሆዱ ውስጥ ነበር። ደጅ ወጥቶ ግድግዳ ይዞ አስታወከ፤ የሚወጣ ሲያልቅም አላቋረጠለትም። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እሱን ነው።

መቅደላዊትን ያን ጠዋት ሆስፒታል አስገቧትና ግሉኮስ ተሰካላት። ሐኪሙ እንደምትተርፍ፣ ግን አንድ ሁለት ቀን ዘግይተው ቢሆን ኖሮ ይህን እንደማይላቸው ነገራቸው። ይሄነው ወደ ቫልቩ ሄዶ የታችኛውን ሰፈር መስመር ዘጋና ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ወዲያው ቢያድግልኝ አስጠራው።

ኃላፊው ነገሩን ሁሉ ሰማ። ገረመኝ እንኳ አላለም። ሐሙስ እንግዶች ለጉብኝት እንደሚመጡ፣ ክሎሪን ጠንከር አድርጎ ጨምሮ መስመሩን ዛሬውኑ እንዲከፍት፣ አንገቷንም ጉብኝቱ ሲያልፍ ቀስ ብሎ እንዲለውጣት ነገረው። ሽንት ቤት የሚባል ቃል ከአፍህ እንዳይወጣ አለው። ካወጣኸው ደግሞ ማን እንደገጠማት መጠየቁ አይቀርም፤ የተመሰገንክበት ወረቀት ላይ ስምህ አለ። ይህን ሲል ጠረጴዛው ላይ ካለችው የታሸገ ውሃ ጎንጨት አደረገ። ይሄነው ፕላስቲኳን አየ። ሁለት ዓመት ሙሉ ወደዚህ ቢሮ ሲገባ ይህ ሰው ከቧንቧ ሲጠጣ አንድም ቀን አይቶት እንደማያውቅ ያን ጊዜ ነው ልብ ያለው። ቁልፉን ኪሱ ውስጥ እንደያዘ ወጣ።

ቦኖው ጋ ሰው ተኮልኩሏል። ስምንት ቀን ጠብቀው ገሚሱ ቀድቶ ገሚሱ ሳይደርሰው ስለተዘጋ ተቆጥተዋል። ይሄነው ውሃው ተመርዟል፣ የቀዳችሁትም ድፉት ቢላቸው ሳቁበት። አህመድ የሚባሉ የሱቅ ባለቤት፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚሰማቸው ሽማግሌ፣ የሚሮጥ ውሃ ነጃሳ አይዘውም፣ ይህ ቃዲም ቄስም የሚስማሙበት ነው አሉ። ከወዲያ አንዲት አሮጊት ወራጅ ውሃ አይረክስም ብለው አገዟቸው። እንዲያውም በዚህ ሰፈር ያለው ውሃ እየዘለለ ነው የሚወጣው፣ ተኝቶ የሚሸት ውሃ አይደለም፤ ቁልፉን አምጣ አሉት።

ይሄነው የሁዳን ነገር ሊያስረዳ ሞከረና ተንተባተበ። የቆመ ይደገፋል፣ የሚሮጥ አይደገፍም ሲል ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ዞር ብሎ ለመሄድ ያሰበበት ቅጽበት ነበረ። ክሎሪኑን ቢጨምር፣ ሐሙስ ቢያልፍ፣ በአንድ ጸጥ ባለ ጠዋት ቢለውጣት ማንም አያውቅም። ልጁ ተርፋለች። ስሙም ይተርፋል። ጉልበቱ ላይ የደረቀው ጭቃ ሲሸተው ግን አላስችል አለው።

"ከቦዩ ላይ ጠባብ ቁራጭ አለች" አለ። "ያስገባኋት እኔ ነኝ፤ ለምረቃ ውሃው እንዲዘል ብዬ። ላወጣት ሲገባኝ ቦዩ ሸተተኝና ትቻት ሄድኩ። ውሃ በተለቀቀ ቁጥር የአልታዬን ሽንት ቤት እየማገች ነው የምትልክላችሁ። ዛሬ በዓይኔ አይቻለሁ፣ በጆሮዬም ሰምቻለሁ። ልጄ ሆስፒታል ናት።"

ሳቁ ቆመ። አንዱ ጀሪካኑን ከእግሩ ሥር ገፋ አደረገው። አሮጊቷ በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ። ከሰልፉ መሐል አንድ ጎረምሳ ዞር ብሎ ተፋ፣ ደግሞ ተፋ። አህመድ "አስተግፊሩላህ" አሉና የያዙትን ማንቆርቆሪያ መሬት አስቀመጡት።

ከሰልፉ ኋላ አበቡ ወደፊት መጣች። በሰፈሩ ጫፍ የምትኖር፣ ቆሎ እየቆላች ገበያ የምታወጣ ሴት ናት። ኅዳር ላይ የአራት ዓመት ልጇን ቀብራለች፤ ይሄነው ለቅሶ ደርሶ ነበር። አልጮኸችም። እንደ ትልቅ ሰው ወግ ነጠላዋን አስተካክላ ፊቱ ቆመች።

"ጋሽ ይሄነው፣ ኅዳርም እንዲህ ነበረ?"

"ነበረ" አላት።

"እኔ እኮ ከምንጩ ነበር የማጠጣው" አለች። "በመስከረም አንቱ በደጄ ሲያልፉ እንስራዬን አዩና፣ ይሄን የአህያ ትራፊ ለልጅ ታጠጫለሽ፣ አትጸየፊም ወይ አሉኝ። ሰው ፊት ነበር፣ አፈርኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከቧንቧው ቀዳሁለት።"

ይሄነው ቀኑን አስታወሰው። አፍንጫውን ይዞ ነበር ያላት።

ቁልቁል እጁን አየ። አበቡ የሞላውን ጀሪካኗን ዘንበል አድርጋ፣ ቸኩላ ሳትሆን፣ እስኪያልቅ ድረስ መሬት ላይ አፈሰሰችው። ከዚያ ባዶውን አንጠልጥላ ወደ ምንጩ የሚወስደውን ቁልቁለት ያዘች፤ ሰዉም አንድ በአንድ እያፈሰሰ ተከተላት።